ሽመላዋ በገዛ ስሟ ስትጽፍ

ቤላኮራ፣ ክሌር አውራጃ
ሰኞ፣ የጠመኔው እሁድ ማግስት

ውድ መምህር ሊናን፣

ይህን የምጽፍልዎት ባንኮኒዬ ላይ ቆሜ ነው። በግራዬ የሻይ ቅጠሉ ሚዛን አለ፤ በቀኜ ትናንት የተነበበው «የመንገድ ፋኖስ» መጽሔት ተዘርግቷል። ፊቴ እስካሁን ይነዳል። ደንበኛ በገባ ቁጥር ደብዳቤውን ከአጃ ዱቄቱ ከረጢት ሥር እሸጉጠዋለሁ፤ ደንበኛው ሲወጣ ደግሞ «አንቺ ሴትዮ፣ አገር ያወቀውን ፀሐይ የሞቀውን ከማን ትደብቂያለሽ?» እያልኩ መልሼ አወጣዋለሁ። እንግዲህ ወሬዬ መሃል ላይ ከተቆራረጠ ጥፋቱ የሳሙናና የጨው ፈላጊዎች ነው።

አድራሻዎን የሰጡኝ አባ ሞሎኒ ናቸው። «የመምህሩን አድራሻ ለምን ፈለግሽው?» አሉኝ።

«ያልመለሰልኝ ጥራዝ አለ አባ።»

«ጥራዝ?»

«አዎ፣ ጥራዝ።»

«በጾም አትዋሺ ልጄ» ብለው ሳቁና ኤኒስ ያለውን የእህትዎን ቤት ጻፉልኝ። የእህትዎ ሳል እየቀለላቸው መሆኑን ነገሩኝ፤ እግዚአብሔር ይማራቸው። ሌላም ነገር ነገሩኝ። ለኪልራሽ ትምህርት ቤት ማመልከትዎን፣ እዚያም እንደሚፈልጉዎት፣ እሺ ወይም እምቢ የሚሉት በመጪው ሳምንት መሆኑን። ከዚያ በኋላ ሱቄ ድረስ እንዴት እንደመጣሁ አላስታውስም። መንገድ ላይ ለሁለት ሰው ሰላምታ ነፍጌ አልፌአለሁ መሰለኝ፤ አኩርፈውኛል።

እና እየጻፍኩ ነው። ውሸት በቃኝ።

ያቺ እርስዎ የሚቀመጡባት የተገለበጠች የቅቤ በርሜል ባዶዋን ቆማለች። ትናንት ሰው ሞልቶ፣ ከረጢቱም ሳጥኑም ላይ ተቀምጦ፣ በርሜሏን ግን ማንም አልነካትም። ቀጥቃጩ ታይግ እንኳ፣ ያ ሌላ ቦታ ከጳጳሱ ወንበር የማይመለሰው ሰውዬ፣ ዞር ብሎ አየት አደረጋትና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ፋኖስ ያለ እርስዎ መነበቧ ለሰዉ እንዲህ ነው የከበደው። ስንቱ ዓመት ነው? ቅዳሜ ጥቅሉ በባቡር ይመጣል፤ እሁድ ከሁለተኛው ቅዳሴ በኋላ አገሩ ሁሉ እዚህ ይታጨቃል፤ እርስዎ መነጽርዎን ጠርገው ያነባሉ። ከዚያ ያቺው አንድ ቅጂ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ቤት ትዞርና ስትመለስ እንደ አሮጌ ጨርቅ ለስልሳ ትመለሳለች። ልገዛ የሚል ጥቂት ነው፤ የማይሰማት ግን የለም።

እርስዎና እኔ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርንበትን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሳሉ? ለፔግ ኩሊናን የአሳማ ሥጋ ስጠቀልል ነበር። እርስዎ ከበሩ ጮኹ።

«ወይዘሪት ሊሊስ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ሥጋ እየጠቀለልኩ።»

«በማን?»

በምን አላሉም፤ በማን አሉ። ወረቀቱን ገልብጬ ባየው ያለፈው ዓመት ፋኖስ ነው፤ አንድ ግጥም ከነስሙ የአሳማውን ስብ ጠጥቷል። ፔግ «መምህር፣ ግጥሙን ቤቴ ወስጄ ከጎመን ጋር እቀቅለዋለሁ፣ አይጨነቁ» ስትልዎት አልሳቁም። ባንኮኒውን በጣትዎ እየመቱ የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ለንደኖች መጽሐፍ ያትማሉ፤ እኛ ያለን ይቺ በየቅዳሜው በአንድ ፔኒ የምትመጣ ወረቀት ናት። የዚህ አገር ደራሲ መጀመሪያ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው የሚቀበረውም እዚሁ ነው። ነገ አንድ ባለ መነጽር ከደብሊን መጥቶ፣ ያን ዘመን ሰዉ በምን ሳቀ፣ በምን አለቀሰ ብሎ ቢጠይቅ፣ ወይዘሪት ሊሊስ አሳማ ጠቀለለችበት ልንለው ነው?»

አፈርኩ። በሕይወቴ ለወረቀት ያፈርኩት የዚያን ቀን ነው። በማግሥቱ የአባቴን ሣጥን ከጣሪያው ሥር አወረድኩልዎት፤ ከታላቁ የድንች ረሃብ በፊት የታተሙት፣ የፈረሱ ቤተ ክርስቲያኖች ሥዕል ያለባቸው፣ አይጥ ጠርዛቸውን የበላቸው መጽሔቶች። ስንት ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የሰው ምላስ እንዳይረዝም የሱቁን በር ወለል አድርገን ከፍተን፣ እርስዎ በጫማ ሰፊ መርፌ እየጠረዙ፣ እኔ ሙጫውን እያሞቅሁ! እያንዳንዷን እያነሱ እንደ ሐኪም ይነግሩኝ ነበር። «ይቺ ሁለት ዓመት ኖረች። ይቺ አዘጋጁ ታስሮባት ሞተች። ይቺ ደግሞ ምስኪን፣ ጥርስ ሳታበቅል ቀረች።» ከዚያ የደራሲዎቹን ስም ሲያዩ ይተክዛሉ። «የብዕር ስም፣ የብዕር ስም፣ አሁንም የብዕር ስም። ሴቶቹ ሁሉ ተሸፋፍነው አለፉ። ማን ነበሩ? እናታቸው ምን ብላ ነበር የምትጠራቸው? ማንም አያውቅም።»

እርስዎ ስለ ሞቱት ሲናገሩ እኔ በሕይወት ስላለች አንዲት ሴት አስብ ነበር። ይኸው ወጣልኝ።

ማታ ወደ ቤትዎ ሲሄዱ ድልድዩ ላይ ይቆማሉ። የእኔ የላይኛው መስኮት ድልድዩን ያያል፤ ይህን ያውቁ ኖሯል? እርስዎ ድልድዩን ተደግፈው ግድቡ ጫፍ ላይ በአንድ እግሯ የምትቆመውን ሽመላ ያያሉ፤ እኔ እርስዎን አያለሁ፤ ሽመላዋ ዓሣ ታያለች። ከሦስታችን እራቷን አግኝታ የምትሄደው እሷ ብቻ ናት። ምን ልበልዎት፣ በወፍ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የገዳም ትምህርት ቤት ተምሬ፣ በወፍ! እሷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ እኔ አጭር፣ ድቡልቡል፣ ለፍላፊ። እናም አንድ ቀን ተቀምጬ ግጥም ጻፍኩና «የግድቡ ሽመላ» ብዬ ፈርሜ ለፋኖስ ላክሁ። እርስዎ ሽመላዋን ያውቋታልና፣ ታትሞ ሲያነቡት ልብዎ ይነግርዎታል ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ሞኝነት ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያምራል። እኔ ላይ ግን እንደ ሰው ኮት ነው፤ እጅጌው ይረዝማል።

ግጥሙ እንደማይታተምና ይልቅስ «ለጻፉልን መልስ» በሚለው ዓምድ እንደምዋረድ ማሰብ ነበረብኝ። ሰዉ ለዚያ ዓምድ እንደሚሞት እኔ ነኝ የማውቀው። ጥያቄው አይታተም፤ መልሱ ብቻ ይወጣል፤ ጠያቂው ምን ብሎ ይሆን እያልን ነው የምንስቀው። ታይግማ «መጀመሪያ መልሱን፣ ልብወለዱ ይቆየን» ሳይል አያስጀምርዎትም።

ከቅበላው እሁድ አንድ ሳምንት ቀድማ ያለችውን እሁድ ላስታውስዎት። እርስዎ እንደልማድዎ ጉሮሮዎን ጠረጉና አነበቡ።

«ለግድቡ ሽመላ፦ ግጥምዎ እንደ ስምዎ በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ሌላውን እግር የት እንደጣሉት አላወቅንም። ቢሆንም እነዚህ ሁለት ስንኞች አላስተኙንም፦

ከግድቡ ዳር ቆሜ ባንድ እግሬ ስጠብቅ፣
ወንዙን ሲያይ አመሸ እኔን ሳይጠይቅ።

እመቤቴ፣ እኛ መጽሔት ነን እንጂ ፖስታ ቤት አይደለንም። ይህ ግጥም የተጻፈው ለእኛ አይደለም። ሰውየው በቅርብ ካለ ሄደው ይንገሩት።»

የእኔው ቃል ነው፤ በእርስዎ አፍ፤ በአገር ፊት። እጄ ላይ የነበረው የሻይ ማንኪያ ከነቅጠሉ ወደቀ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

«ግድብማ የኛ ነው!» አለ ታይግ። «ሽመላ የሰው አገር ግድብ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ሽመላ ረጅም ናት» አለች ፔግ፣ የእንቁላል ቅርጫቷን ጭኗ ላይ እያስተካከለች። «አንገቷም እንዲሁ። ባል ትፈልጋለች። እንዲያው ይህን መሰል ሰው እዚህ ሱቅ ውስጥ የለም ወይ ጎበዝ?»

ሁሉም ዞረ። ልብስ ሰፊዋ ዴሊያ ሞሮኒ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ከሁላችን በራስ የምትበልጠው ዴሊያ። ምስኪን፣ ከሥር እስከ ጫፍ ቀላች።

«ዴሊያ፣ እስቲ ባንድ እግርሽ ቁሚልን!» አለ ታይግ።

«እኔ አይደለሁም! ሙት እኔ አይደለሁም!»

«ይቺ ስትቀላ አያችኋት? ማፈር ራሱ ምስክር ነው» አለች ፔግ።

ምስክሯስ እኔ ነበርኩ፤ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብዬ የፈሰሰ ሻይ የምለቅም። ከዚያ ታይግ እርስዎን ጠየቀዎት፤ «መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉት። «እኔ የማዝነው ለሰውየው ነው» አሉ። «ወይ ዕውር ነው፣ ወይ ፈሪ ነው።» እኔም ከባንኮኒው ሥር አልወጣሁም።

ሰዉ ሴቲቱን ሲያሳድድ ሰውየውን ረሳው። ወንዝ ሲያይ የሚያመሸው ማነው ያለ አልነበረም። ያን ሳምንት ዴሊያ በውኃ ቧንቧው ስታልፍ ጎረምሳውም ሽማግሌውም ባንድ እግሩ ይቆምላት ነበር። እኔ ይህ ያልፋል እያልኩ ዝም አልኩ። ግን ዴሊያ በቅበላ ማክሰኞ ልትዳር ከማይልስ ኮንሲዳይን ጋር ተጫጭታ ነበር፤ ላሟም፣ የላባ ፍራሹም፣ የጋብቻው ውል ሁሉ ካለቀ በኋላ። ማይልስ የታወቀ ጨዋ ሰው ነው፤ የሞተችበትን ሚስቱን አፈር እስካሁን በየሳምንቱ የሚኮተኩት። በሽማግሌው ላከባት፦ «ልቧ ሌላ ሰው ጋ ያለች ሴት አስገድጄ አላገባም። አልቀየምኩም።» አልቀየምኩም ማለቱ ነው የባሰው።

ዓርብ ዕለት ዴሊያ ጥቁር ክር ልትገዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ዊኒ፣ ምን አደረግኋቸው? እኔ እኮ ግጥም እንኳ አልወድም። መምህሩ ግጥም ሲጀምር እኮ ስለ ሥራዬ ነው የማስበው።»

ምን አልኳት መሰለዎት? ምንም። ክሩን አስረዝሜ ለካሁላት። ዴሊያም «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያላፌዝሽብኝ» ብላኝ ወጣች። መምህር፣ በደብዳቤዬ ውስጥ ካለው ሁሉ ይህቺን ስጽፍ ነው እጄ የከበደኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም፤ ያ የረዘመ ክር አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አደረ።

በቅበላው እሁድ እርስዎ ፋኖስን ይዘው በርሜልዎ ላይ ሲቀመጡ፣ የሳሙና ሣጥን ገልብጬ ወጣሁበት፤ አለዚያ ከባንኮኒው በላይ አልታይም። ማይልስ ኮንሲዳይን ባርኔጣውን ይዞ በሩ ላይ ነበር። ዴሊያ እናቷ ጎትታት መጥታለች።

«ሽመላዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

ታይግ ሆዱን ይዞ ጎነበሰ። «አንቺ? ዊኒዬ፣ አንቺማ ዳክዬ ነሽ!»

አላመኑኝም! ይታይዎ፣ አፍሬ አፍሬ ለመጨረሻ ጊዜ ልፈር ብዬ ብነሳ የሚያምነኝ ጠፋ። ያኔ አዘጋጁ ያላተማቸውን ስንኞች በቃሌ አልኳቸው፦

አጭር ነኝ አውቃለሁ፣ እግሬም ከጭቃ አይወጣ፣
ግን ክንፍ አለኝ እኔም፣ ስሜን ጠርቶ ቢመጣ።

ሳቁ ቆመ። ፔግ አገጯን ይዛ «አጭር ነኝ ካለችማ ዴሊያ አይደለችም» አለች። ማይልስ ሰዉን እየገፈተረ ወደ ውስጥ ገባና ዴሊያ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክር ጀመር፤ እሷ ማልቀስ፣ እሱ ማሽከርከር። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለአንዲት ደቂቃ ያህል በዚህች ምድር ላይ የማፍርበት ነገር አልነበረኝም።

ታይግ ግን ታይግ ነው። «ታዲያ ሰውየው ማነው?» አለ።

እርስዎን አየሁዎት። ፋኖስን ጣትዎ ላይ ዘግተው ወደፊት ዘንበል ብለው ነበር። መነጽርዎን አልጠረጉም። ያን አስተያየት አሁን ነው የማነበው፤ ያኔ ግን መሃይም ነበርኩ። በእኔ ሊያፍሩ ነው፣ በሰው ፊት ሊዋረዱብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እናም አፌን ከፍቼ «ሰውየው የለም» አልኩ። «ለግጥም ደግሞ ሰው ያስፈልጋል እንዴ? ከጭንቅላቴ ነው የፈጠርኩት።»

በዚያች ቅጽበት ፔግ ከእንቁላሏ ጋር ልትሸጣት በቅርጫት ይዛት የመጣችው ዶሮ ጮኸች።

ሱቁ ፈረሰ። «ጴጥሮስ!» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቅዱስ ጴጥሮስስ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ እኔ ለፔግ ስኳር መዘንኩላት። እርስዎ ገጹን ገለጡና ልብወለዱን አነበቡ፤ የመልሱን ዓምድ ዘለሉት። ታይግ «ኧረ መልሱ!» ሲል እንዳልሰማ አለፉት። ድምፅዎ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስደግም ድምፅ ሆኖ ነበር። ሰኞ በማለዳው ባቡር ሄዱ።

እኔ ከእኔ የሸሹ መስሎኝ ነበር። አንዲት የአደባባይ መሳቂያ ልትጣበቅብኝ ነው ብለው የሸሹ። ማክሰኞ ዴሊያና ማይልስ ሲጋቡ ከሁሉም በላይ የጨፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሲደክመኝም ወጥቼ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ሽመላዋ አልነበረችም።

እና የትናንቱ የጠመኔ እሁድ። ቅበላ ሳያገባ ያለፈው ሁሉ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር የሚሰመርበት ቀን፤ እርስዎም እንደ እኔ ዓመት በዓመት የሚቀምሱት። ፔግ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀርባ አድፍጣ ጠበቀችኝና ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ሰነጠቀችኝ። «ዕድሜ ላንቺ ዊኒ! ዘንድሮም ከኛ ጋር ነሽ!» ዞሬ ሳይ በእጇ የያዘችው ረጅም ነጭ ጠመኔ ነው። የእርስዎ ጠመኔ! ከትምህርት ቤቱ መስኮት ላይ ያነሳችው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲሰመርብኝ ስቄ አራግፈው ነበር። ትናንት ግን እንባዬ መጣ፤ ፔግም ደነገጠች፤ «ውይ ልጄ፣ አሳመምኩሽ?» አለችኝ። አላሳመመችኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ሱቁ ሞላ። አንባቢ የለም። «ዊኒ ታንብብልን፣ ገዳም የተማረች ናት!» አሉ። ጀርባዬን ወደ መደርደሪያው ሰጥቼ ቆምኩ፤ ያንን መስመር ደግሞ ዴሊያ እንዳታይብኝ አፍሬ። ታይግ «መጀመሪያ መልሱን» አለ። ጀመርኩ። «ለአዘነው ገበሬ፦ የለም፣ ጎረቤትዎ ቅቤዎን በድግምት አልወሰደችም፤ ማሰሮውን ይጠቡ።» ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ወደ ታችኛው መልስ ዓይኔን ጣልኩ። አፌ ከዓይኔ ይቀድማል፤ ያውቁኛል። ምን እንደማነብ ሳይገባኝ ማንበብ ጀምሬ ነበር።

«ለድልድዩ ላይ ቋሚ፦ በሁለት ገጽ የጠየቁን ነገር ባጭሩ ‹ሽመላዋ እኔን ማለቷ ይሆን?› የሚል ነው። ጌታዬ፣ ፖስታ ቤት አይደለንም ብለን ነበር፤ የሚሰማን አጣን። የእርስዎም የእሷም ፖስታ ላይ ያለው ማኅተም ግን የአንድ ከተማ ነው። ዓመታት ሙሉ የሞቱ መጽሔቶችን አብራችሁ ስትጠርዙ መናገር አፈርኩ ይላሉ። እኛም አንድ ቀን እንሞታለን፤ ያኔ ደግ አድርጋችሁ ጠርዙን። ከዚያ በፊት ግን ሄደው በሯን ያንኳኩ።»

ድምፄ መሃሉ ላይ እንደተሰበረ አልክድዎትም። ግን ጨረስኩት። እርስዎ የእኔን እስከ መጨረሻው አንብበውልኝ የለ? እኔስ የእርስዎን ለምን አቋርጣለሁ!

በቅበላው እሁድ ዓምዱን ለምን እንደዘለሉት ያኔ ገባኝ። መልስዎ ወጥቶ ይሆናል ብለው ፈርተው ነው። እኔ «የለም» ያልኩት ሰውዬ ጥያቄውን ቀድሞ ልኮ፣ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ መልሱን እየጠበቀ ነበር። አምላኬ! ወደ መሬት ልግባ? በደስታ ልጩህ? ሁለቱም እኩል መጡብኝ፤ በዚህ መሃል ቆሜ እንደ ሽመላ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር አሉ።

ታይግ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ ተናገረ። «ያለን ድልድይ አንድ ነው» አለ።

«እዚያ ላይ የሚቆመውም አንድ ነው» አለች ፔግ።

ሁሉም በርሜሏን አየ። በኋላ ዴሊያ፣ ጀርባዋ ንጹሕ የሆነው አዲሷ ሙሽራ፣ ወደ ባንኮኒው ቀረበችና ለእኔ ብቻ የሚሰማ በሚመስል ነገር ግን ሁሉም በሰማው ድምፅ «ዊኒ፣ ሰውየው የለም አላልሽም ነበር?» አለችኝ። ልታዋርደኝ አልነበረም። እኔ በክር የሸኘኋት ሴት በር እየከፈተችልኝ ነበር።

ከመደርደሪያው ተላቅቄ ዞርኩ። ጠመኔው ይታይ። «አለ» አልኩ። «ሰውየው አለ። መምህር ሊናን ነው። ክጄዋለሁ፤ እናንተው ምስክር ናችሁ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ዶሮዋም አልጮኸችም፤ ጾም ስለሆነ እንቁላልም ዶሮም የሚገዛ የለም፣ ፔግ ቤት ትታት መጥታለች። ታይግ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀብር ላይ እንኳ የማያወልቃትን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ልብወለዱን ቀጥይ፣ ልጅቷ ከገደሉ አፋፍ ላይ ናት» አለ። ልብወለዱን አነበብኩ። ምን እንዳነበብኩ አላውቅም፤ ልጅቷ ከገደሉ ትውደቅ ትትረፍ አላስታውስም።

እንግዲህ ይኸው። አንድ ሻማ ፈላጊ መጥቶ ሄዷል፤ ደብዳቤውን ግን ከከረጢቱ ሥር አልከተትኩትም።

የምለምንዎት ኪልራሽን እምቢ ይበሉ ብዬ አይደለም። ያ የእርስዎ ነው። የምለምንዎት በእኔ ውሸት ተሳስተው እንዳይወስኑ ነው። አንዲት ሴት ባገር ፊት «የለም» ስትል አብረውን ሰምተዋል፤ «አለ» ስትል ግን አልነበሩም፤ ባገር ፊት ብላዋለች። ጾሙ ረጅም ነው፤ እስከ ትንሣኤ ማንም ማንንም አያገባም፤ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ለመነጋገርና ሙጫ ለማሞቅ በቂ ጊዜ አለ። ለመጠረዝ የቀረው የአባቴ ሣጥንም ገና አላለቀም። የትናንቷን ፋኖስ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ፤ አሳማ አይነካትም። ኅዳጓ ላይም በእርሳስ ጽፌባታለሁ፤ ያ የሚሉት ባለ መነጽር አንድ ቀን ከደብሊን ከመጣ ሽመላዋ ማን እንደነበረች፣ እናቷም ምን ብላ ትጠራት እንደነበር እንዳይቸግረው።

ለፋኖስ ከእንግዲህ ግጥም አልልክም። አዘጋጁ ልክ ነው፤ ፖስታ ቤት አይደለም።

ቅዳሜ እንደ ሁልጊዜው ጥቅሉን ልቀበል ወደ ባቡር ጣቢያው እወርዳለሁ። ሻርፔ ላይ ያለውን ጠመኔ አላራገፍኩትም፤ ኮትህ ላይ የሚገባህም መስመር እዚህ እየጠበቀህ ነው። እርስዎ ማለቱን ለባንኮኒው ልተወውና፦ ና፣ ጋሬት። ከባቡሩ ስትወርድ ረጅም ሽመላ አትፈልግ፤ አጭር ሴት ነኝ፣ ከሰዉ መሃል አልታይም። እጄን አነሳለሁ።

ዊኒፍሬድ ሊሊስ፣
በገዛ ስሟ